ይፍቀዱልን፣ እንክሰስዎት

መከሰሴ አይደለም የሚያናድደኝ። የመንግሥት ሥራ ይዞ ያልተከሰሰ ሰው ካለ ያሳዩኝና እጅ እነሣለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ደሜን የሚያፈላው አከሳሰሱ ነው። እኔ ፈቃድ ተጠይቄ፣ እሺ ብዬ፣ ጭራሽ የክሱን ፊደል አርሜ የተከሰስኩ ሰው ነኝ። እስቲ ነገሩን ስሙና ፍረዱኝ።

ሐረር ነበርኩ፤ ያ አገሩ ሁሉ የተናጠበት ዓመት ነው። አስተማሪው አድማ መታ፣ ባለታክሲው አድማ መታ፣ ወታደሩ በየሰፈሩ አለቆቹን ማሰር ጀመረ። ጠዋት ሚኒስትር የነበረ ሰው በማታው ዜና እስረኛ ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሐል ምንም ያልፈለግሁ ሰው ነበርኩ። ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብላ በምትገኝ አንዲት አሮጌ ፎቅ ላይ፣ የከተማው የሚዛንና መለኪያ ክፍል ዋና ጸሐፊ ነኝ። ሥራችን የነጋዴውን ሚዛን መርምሮ፣ ልክ ከሆነ ዘውድ ያለበትን ማኅተም መምታት፣ ልክ ካልሆነ መቅጣት ነው። ሹመት ተመኝቼ አላውቅም። የምመኘው ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ወንበርና አንድ እፍኝ የባቢሌ ለውዝ ነበር።

ታዲያ አለቃችን አንድ ቀን ጉንጩን በእጁ ይዞ መጣና "ጥርሴን አሞኛል፣ አዲስ አበባ ታይቼ እመለሳለሁ" አለን። እግዜር ይማርዎ አልነው። ሲሄድ ፍራሹን፣ የሚስቱን ቁም ሣጥን፣ ሁለት በጎችና የቢሮውን የግድግዳ ሰዓት በጭነት መኪና አስጭኖ ነበር። ጥርስ ለማስነቀል ቁም ሣጥን ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ስልክ ተደወለ።

"ከዛሬ ጀምሮ ተጠባባቂ ኃላፊ ነህ" አለኝ አንድ ድምፅ።

"ምን እየጠበቅሁ?"

"ትእዛዝ።"

"የምን ትእዛዝ?"

"እሱን እኛም እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ሠራተኛህን አረጋጋ" ብሎ ዘጋው።

አረጋጋ! ለራሱ ያልተረጋጋ ሰው፣ ሌላ ያልተረጋጋ ሰው በስልክ "አረጋጋ" ሲለው አስቡት።

ሠራተኞቼ ሦስት ነበሩ። አው አብዶሽ፣ አው ማለት በሐረሪ እንደ ጋሼ ነው፣ የጀጎል ተወላጅ፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይለይ፣ በዕድሜ ከእኔ የገፉ ሚዛን ተቆጣጣሪ ናቸው። ሌባ ነጋዴ ሲቀጡ እንኳ መጀመሪያ የልጆቹን ጤንነት ጠይቀው ነው። ተሾመ ወጣት ተቆጣጣሪ ነው፤ የሚበተነውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ያነባል፣ አንብቦም በደንብ ያልገባውን ለእኛ ያስረዳናል። አልማዝ ታይፒስታችን የወታደር ልጅ ናት፤ ምላሷ ከጽሕፈት መኪናዋ ይፈጥናል።

ሦስቱን ሰብስቤ የመጀመሪያውን ንግግር አደረግሁ። "አትረበሹ፤ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ይህን በኃላፊነት እነግራችኋለሁ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ወደየሥራቸው ሄዱ። በዚያው ማታ ራዲዮው ካቢኔው በሙሉ መውረዱን ተናገረ።

ቆየት ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ "ሠራተኞችን ለለውጥ አዘጋጁ" የሚል ወረቀት መጣ። እኔም ሰበሰብኳቸውና ሁለተኛውን ንግግር አደረግሁ። "ሁሉም ነገር ይለወጣል!" አልኩ። ተሾመ አጨበጨበ። ለውጡን ከምን እንደምጀምር ስላላወቅሁ ጠረጴዛዎቹን ቦታ ማለዋወጥ ያዝን። አልማዝ ወደ መስኮቱ፣ አው አብዶሽ ወደ በሩ፣ እኔ መሐል። ላባችን ሲንጠፈጠፍ ውሎ፣ በነጋታው ደግሞ "እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ ሁሉም ባለበት ይጽና" ተባለ። ጠረጴዛዎቹን መለስን። ስንመልስ የአልማዝ ጠረጴዛ እግሩ ተሰበረ።

"ጋሼ" አለችኝ አልማዝ፣ የተሰበረውን እግር እንደ ዱላ ይዛ፣ "ሦስተኛ ንግግር ካለ አስቀድመው ይንገሩኝና ፈቃድ ልውጣ።"

ይህ ቢሮ ውስጥ ነው። ገበያው የባሰ ነበር። አው አብዶሽና ተሾመ ማኅተማቸውን ይዘው ወጥተው ሳያትሙ ይመለሳሉ።

"ምነው?" እላለሁ።

"ነጋዴው እምቢ አለ" ይላሉ አው አብዶሽ። "ሚዛኑ ልክ ነው። ግን 'አው አብዶሽ፣ ይሄ ዘውድ ይኑር አይኑር ሳይለይ ሚዛኔ ላይ አይምቱብኝ፤ በኋላ እኔ ልጠየቅበት ነው?' አለኝ። ምን ልበለው? ወላሂ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።"

እኔም ወደ ስልኩ ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤት ደውዬ ብጠይቅ "የዘውዱን ነገር በስልክ አታንሣ!" ብለው ጮኹብኝ።

ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ የክስ ወረርሽኝ ገባ። ቄራው ሥራ አስኪያጁን ከሰሰ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው አለቃውን ከሰሰ። የአትክልት ክፍል እንኳ፣ ጽጌረዳ ውኃ ከማጠጣት በቀር ሥራ የሌለው፣ አለቃውን "የሕዝብ ጠላት" ብሎ ፈረስ መጋላ ድረስ እየዘፈነ ሄደ። አጣሪ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመና በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ እየተቀመጠ ክስ ይሰማል። የተከሰሰው ሰው አንዳንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ግን ጣቢያ ገብቶ ይከርማል። ከዚያ ደግሞ ወሬ መጣ፦ ራሱን ያላጸዳ ክፍል ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ኦጋዴን በረሃ ይበተናል።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱም አብረው ቢሮዬ ገቡ። ተሾመ ከረባት አስሯል። አልማዝ ነጠላ ለብሳለች። አው አብዶሽ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሞቶብኝ ሊያረዱኝ የመጡ መሰለኝ።

"እንዴት አደሩ ጌታው?" አሉ አው አብዶሽ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በደህና?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና?"

"ደህና ናቸው። አው አብዶሽ፣ ይንገሩኝ!"

አው አብዶሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተሾመን አዩት፣ ተሾመ መሬት አየ። "ይፍቀዱልን፣ እንክሰስዎት" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። "እኔን? ምን አድርጌ?"

"ምንም" አሉ አው አብዶሽ ፈጠን ብለው። "አስተግፊሩላህ፣ እርስዎ ምን አድርገው! ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ክፍሎች ያልከሰስን እኛ ብቻ ቀረን። ሰው 'ተገዝታችኋል' እያለን ነው።"

"ታዲያ ያንን ጥርሳም ክሰሱታ! ሰዓታችንን ይዞ የሄደውን!"

"እሱማ የለም" አለ ተሾመ። "ጋሼ፣ የሌለ ሰው ተከሶ ምን ዋጋ አለው? እኛ እኮ የምንከሰው እርስዎን አይደለም፣ ወንበሩን ነው።"

"ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኛ!"

"ትንሽ ጊዜ ነው" አለች አልማዝ። "ተነብቦ ያበቃል። ክፍላችንም አይዘጋ።"

አው አብዶሽ እጃቸውን ያዩ ነበር። ከጀጎል ግንብ ውጭ አድረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኦጋዴን ቢላኩ ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ። የአልማዝ እናት የአልጋ ቁራኛ ናት። ተሾመ ገና ጎጆ መውጣቱ ነው። ሠራተኛህን አረጋጋ ተብዬ የለ? እነሆ የሚረጋጉበት መንገድ ተገኘ፤ እኔ መከሰስ አለብኝ። እንዲህ ያለ አመራር የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር አላውቅም። በንዴት "ክሰሱኝ!" አልኳቸው። አው አብዶሽ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ።

የባሰው ገና ነው። ከሰዓት በኋላ የክሱን ረቂቅ አመጡልኝ። አነበብኩት። አንደኛ፣ የለውዝ ልጣጭ መሬት ላይ ይጥላሉ። ሁለተኛ፣ ሲጽፉ ያንጎራጉራሉ። ሦስተኛ፣ ጠረጴዛ አስወስደው አስመልሰዋል።

"ይሄ ነው?" አልኩ። "ይሄን ሁሉ ዘመን አገልግዬ፣ ወንጀሌ ይሄ ነው? የቄራው ሥራ አስኪያጅ ፊውዳል ተባለ። የአትክልቱ ሰውዬ የሕዝብ ጠላት ተባለ። እኔ ልጣጭ ጣይ?"

"ሌላ ብንፈልግ አጣን" አሉ አው አብዶሽ፣ አዝነው።

"ቢያንስ ቢሮክራት በሉኛ!"

አልማዝ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ቢሮክራት ለመባልም እኮ ትንሽ ሥልጣን ያስፈልጋል።"

ይህን ስትለኝ የሆነ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ፈነዳ። ወረቀቱን ቀማኋትና ብዕሬን አወጣሁ። እኔ ዋና ጸሐፊ ነኝ፤ በሐረር ከተማ በደብዳቤ አጻጻፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም። የሰው ወረቀት ተበላሽቶ ሳይ እጄ ዝም አይልም። "የሰፊውን ሕዝብ ላብ እንደ መዥገር የመጠጠ" ብዬ ጀመርኩ። "የደሃዋን ገበያተኛ እንባ በሐሰተኛ ሚዛን የሰፈረ" አልኩ። መሬት የለኝም፤ "የጋሻ መሬቶቹን በዘመዶቹ ስም የደበቀ" ብዬ ሰጠሁት። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል። ደግሜ ሳነበው እንባዬ መጣ፤ እንደዚህ አምሮልኝ የጻፍኩት ደብዳቤ የለም። ተሾመ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያሳስራል" አለ። "ተነብቦ የሚያበቃ ነው አላላችሁም?" ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም።

የክሱ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ከኤረር በር የመጡ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ ወታደሮች፣ ሥራ ፈት ሁሉ አለ። እኔ ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። አው አብዶሽ ወጥተው ክሱን ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። መዥገሩ ጋ ሲደርሱ ግን ጽሑፉ ራሱ ያዛቸውና ድምፃቸው ከፍ አለ። ሕዝቡ "ወይ ጉድ!" ይላል።

ከጎኔ ከከተማው ወጣ ካለችው ሶፊ የመጣች አንዲት ገበሬ ቆማለች፤ ቲማቲሟን ሸጣ ባዶ ቅርጫቷን አቅፋለች። "አቦ፣ እንዲህም ጨካኝ ሰው አለ?" አለችኝ። "አንተ ታውቀዋለህ?"

"በመልክ" አልኳት።

"ምን ይመስላል?"

"ያን ያህል ክፉ አይመስልም።"

"እነሱ መቼ ይመስላሉ!" አለችና ተፋች።

ሕዝቡ "ይውረድ! ይውረድ!" ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ በክርኗ ጎሸመችኝ። "ምነው አንተ ዝም አልክ? ዘመዱ ነህ እንዴ?" ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ምን ላድርግ? እጄን ጨብጬ አነሣሁና "ይውረድ!" አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ፣ እውነቴን ነው፣ ማቆምም አቃተኝ። ያ ክሱ የተነበበበት ሰውዬ እኔንም አስጠላኝ።

አው አብዶሽ እንደ ጨረሱ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረገ አስተማሪ፣ ብድግ አለ። "ይህ አውሬ ዛሬውኑ ካልተያዘ ይሸሻል! የት ነው ያለው?"

አው አብዶሽ ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። "የምን መያዝ? ተነብቦ እንዲቀር ነው እንጂ! ወላሂ፣ ሰውየው ደግ ሰው ናቸው!"

"ታዲያ ያነበቡልን ምንድን ነው አባት? ውሸት ነው?"

አው አብዶሽ ወረቀቱን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ውሸት ነው ቢሉ ኮሚቴውን አታለሉ፤ እውነት ነው ቢሉ እኔ ጠፋሁ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ "ተገዝቷል!" ብሎ ጮኸ። ሌላው "እሱም ይያዝ!" አለ። መገፋፋት ተጀመረና የአው አብዶሽ ኮፍያ መሬት ወደቀ፣ አንዱ ጎረምሳ ረገጠው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እግሬ ወደ ቤቴ ሊመልሰኝ እያሰበ ነበር። ኮፍያው ሲረገጥ ግን ተናደድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ "እኔ ነኝ!" አልኩና ሕዝቡን እየሰነጠቅሁ ወደፊት ሄድኩ።

"አንተ?" አለች የሶፊዋ ሴት፣ ከኋላዬ። "በመልክ ነው የማውቀው አላልከኝም?"

"ጺሜን ስላጭ አየዋለሁ" አልኳት።

መጀመሪያ ኮፍያውን አንሥቼ፣ አራግፌ፣ ለአው አብዶሽ ሰጠኋቸው። ሰብሳቢው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን ኮቴን፣ ተረከዙ የተንሻፈፈውን ጫማዬን።

"የሰፊውን ሕዝብ ላብ የመጠጥከው አንተ ነህ?"

"እንደዚያ ተጽፏል።"

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ።"

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ራስህ ላይ?"

"እነሱ የጻፉት ደካማ ነበር" አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ክሱ በእነሱ ስም እንዲታወቅ ሙያዬ አልፈቀደልኝም። ሰብሳቢው ፊቱ ቀላ። "በሕዝብ ላይ ታላግጣለህ!" አለና ፖሊስ ጠራ።

ጣቢያ አስገቡኝ። የጣቢያው ሃምሳ አለቃ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝና ክሴን አንብቦ ወንበሩን ከእኔ አራቀ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"አሰላሙ አለይኩም። ሰው ልንጠይቅ ነበር።"

ሦስቱም ቆመዋል። አው አብዶሽ በጨርቅ የተቋጠረ ሩዝና ሥጋ ይዘዋል።

"የእስረኛው ምኑ ናችሁ?" አለ ሃምሳ አለቃው።

"ከሳሾቹ ነን" አሉ አው አብዶሽ።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ምሳ አምጥተንላቸው። ሳይቀዘቅዝ ቢበሉ።"

ሃምሳ አለቃው እኔን አየኝ፣ እነሱን አየ። "ሌላስ?"

"ዋስ ልንሆናቸው።"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ስሙኝ፤ ሰውየው እንዲፈታ ከፈለጋችሁ ክሱን አንሡት።"

"ክሱማ አይነሣም" አለ ተሾመ። "ክሱ ከተነሣ ክፍላችን ሊዘጋ ነው።"

"ስለዚህ ተከሶ፣ ግን ሳይታሰር፣ ምሳውን በልቶ ቤቱ እንዲገባ ነው የምትፈልጉት።"

"አዎ" አለች አልማዝ፣ በመጨረሻ የሚገባው ሰው ያገኘች ይመስል።

ሃምሳ አለቃው የዋስ ቅጽ ከመሳቢያው አወጣ። ከዚያ ሦስቱን አስፈርሞ ለቀቀኝ። የፈታኝ አዝኖልኝ አይደለም፤ አራታችን ከዚያ በላይ ጣቢያው ውስጥ ብንቆይ እሱ ራሱ የሚያብድ መስሎት ነው። ሩዙን ግን እዚያው አስበላኝ፣ እሱም ትንሽ ቀመሰ።

አጣሪ ኮሚቴው ጉዳዬን አጣራ። የጋሻ መሬቶቼን በዘመዶቼ ስም ፈልጎ ፈልጎ አጣ፤ ዘመዶቼ ራሳቸው በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ "ለኃላፊነት የማይመጥን" ተብዬ ከተጠባባቂነት ተነሣሁና ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ተወረወርኩ። የሚዛንና መለኪያ ክፍል ግን "ራሱን ያጸዳ ክፍል" ተብሎ ተመሰገነ፤ አልተዘጋም። አው አብዶሽ ከጀጎል አልወጡም። አልማዝ ከእናቷ አልተለየችም። ተሾመ ትዳሩ አልተፈታም። አንድም ሰው ግን፣ ከላይም ከታችም፣ "ይህን ክፍል በዚያ ጭንቅ ዘመን አሻግረሃልና እናመሰግናለን" ያለኝ የለም። ጭራሽ ሚስቴ ወሬውን ከገበያ ሰምታ መጥታ "የደበቅኸውን መሬት አሳየኝ" ብላ ሰነበተች።

ለክፍሉ አዲስ አለቃ ከአዲስ አበባ ተላከ። መቼም አለቃ ነው! አልማዝን ሸሚዙን ያሳጥባታል። ተሾመን ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ያስይዘዋል፤ ያ ሁሉ ወረቀት ያነበበ ልጅ፣ በጃንጥላ ሥር ሳይሆን ከጃንጥላው ውጭ ሆኖ ይከተለዋል። አው አብዶሽን፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ስማቸውን ትቶ "አንተ ሽማግሌ" ይላቸዋል። ነጋዴ ቤት ገብቶ የፈለገውን አንሥቶ ይወጣል፤ ማን ይናገረዋል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አው አብዶሽ መዝገብ ቤት ድረስ ወርደው ይህን ሁሉ አጫወቱኝ። እየሰማሁ የያዝኩትን መዝገብ አቧራው ውስጥ ወረወርኩት።

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አልኩ። "ይሄ ነው የሚከሰሰው! ይሄ እውነተኛ መዥገር ነው! ወረቀት ያምጡ፣ አሁኑኑ እጽፍላችኋለሁ!"

አው አብዶሽ ደንግጠው በሩን አዩ፣ ከዚያ ትከሻዬን በፍቅር መታ መታ አደረጉኝ።

"ኧረ ምን ነካዎት ጌታው" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሳቸውንማ እንፈራቸዋለን።"

አመስግነውኝ መሆኑ ነው።